ሎዌናን ማን ይቅዘፋት?

ላ ጎሜራ ደሴት፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1998

ለሞርዌና፣

መጀመሪያ ለጥያቄሽ መልስ ልስጥ፤ አለበለዚያ ሌላውን ዘለሽ ወደ ታች እንደምትወርጂ አውቃለሁ። አልነካሁም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ መቅዘፊያ የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጠዋት ጀልባቸውን ወደ ውኃ ሲገፉ እንኳ እጆቼን ኪሴ ከትቼ ነው የማያቸው። ኢነስ ሲሸኘኝ ምን እንዳለኝ ሰምተሻል፦ "የእጅሽ አንጓ እስኪድን ወሩን ሙሉ ተራመጂ፣ ዋኚ፣ ብስክሌት ንጂ፣ ደህና አድርገሽ ብዪ። ከቀዘፍሽ ግን ሌላ አሰልጣኝ ፈልጊ።" አንቺም አጠገቡ ቆመሽ ራስሽን ትነቀንቂ ነበር። ከሃዲ።

ፔራን ደህና ነው ብዬ ልዋሽሽ? ባሌ ዳቦ ጋጋሪ እንጂ የተራራ ፍየል እንዳልሆነ ትናንት ገባኝ። ከሸለቆው ሥር ተነሥተን ጉም ከማይለየው ጫካ ድረስ ወጣን። እኔ አናቱ ላይ ቁጭ ብዬ ብርቱካን ስልጥ እሱ ከታች "ዕረፍት እንዲህ ከሆነ ሥራ ምን ሊሆን ነው!" እያለ ሸለቆውን አናጋው። የአገሩ ሰዎች ከተራራ ተራራ በፉጨት ነው የሚነጋገሩት፤ አንዱ ሽማግሌ ማዶ ሆኖ ሲያፏጭ ሰማነውና ፔራን "ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ወፍራሙን ሰውዬ ማን አመጣው እያለ ነው" አልኩት። እስከ እራት ድረስ አኮረፈኝ።

እራት ላይ ግን አከራያችን ዶኛ ኔሊዳ በቀይ በርበሬ የተሠራ ሥጋ አቀረበችለትና ኩርፊያውም ሳህኑም ባዶ ሆነ። ሥጋው የዚያ ባለ ረጅም ጆሮው፣ ዘላዩ ትንሽ እንስሳ ነው። ስሙን አልጽፈውም። ይህን ደብዳቤ ጀልባዋ አጠገብ ቆመሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ አምና አፌ አምልጦኝ ለቀዛፊ መጥፎ ዕድል ያመጣል የምትዪውን ስሙን ጀልባ አጠገብ ስለጠራሁ በመጥረጊያ ያባረርሽኝን አልረሳሁም።

ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለኝ። እጆቼ ተፈቱ! በጋውን ሙሉ ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ መቅዘፊያ እንደያዙ ተቆልምመው፣ ፔራን አልጋ ላይ አንድ በአንድ ሲያቃናልኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። የሸርጣን እጅ እያልን የምንስቅበት። ዛሬ ስነቃ ግን አሥሩም ጣቶቼ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። የሰው እጅ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

ከመስኮቴ ወደቡ ይታየኛል። ዲሴምበር ላይ እኔና አንቺ ጀልባችን ሎዌና ላይ ተቀምጠን ከዚያ እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ እስካለችው አንቲጓ ደሴት ድረስ ከአትላንቲክ በቀር የሚጠብቀን የለም። ሳስበው ልቤ ድው ድው ይላል፤ ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ደስታ።

ስንለያይ ስለተናገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። "ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶሽ እንደ ኮረዳ አትሩጪ" ማለት አልነበረብኝም። የሎዌና ቀለም ደረቀ ወይ? እጆችሽስ? ስልክ አትደውዪ፤ ሁለት ቃል ትናገሪና ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ጻፊልኝ።

ኬረንሳ


ትሬቬላ፣ ኮርንዎል፣ ኦክቶበር 7

የኔ ወፍ፣

ሃምሳ አምስት። ልደቴ ገና ነው። ሌላውን ስድብሽን ይቅር ብዬሻለሁ፣ ይህን ግን አርሚ።

የመጀመሪያው ቀለም ደርቋል፤ ሁለተኛውን ዝናቡ ከለከለን። ሎዌና ግማሽ ልብስ ለብሳ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ታሳዝናለች። አንቺ ሳትኖሪ እቀዝፍ እንደሆነ በኢነስ በኩል ማስጠየቅሽ ግን አያምርብሽም። በምን ልቅዘፍ? የመንደሩ ረዣዥም ጀልባዎች ለክረምት ከውኃ ወጥተው ሸራ ለብሰዋል። ካንቺ እኩል ሥራ ፈት ነኝ።

ለፔራን ንገሪው፦ ምድጃውን የተረከበችው እህቱ የምትጋግረው ባለ ሥጋው ፓስቲ ቅርፊቱ ጫማ ይወጣዋል፤ መንደሩ ጥርሱን ሳይጨርስ ቶሎ ይመለስ።

ስለ እጄ ጠይቀሻል። ያው የሸርጣን እጅ ነው። ቀኙ ከተፈታ ቆየ፤ ግራው እልኸኛ ነው፣ ባለቤቱን ይመስላል። በእኔ ዕድሜ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው። ትናንት የእናቴን ሰማያዊ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሰበርኩ፤ ዝም ብሎ ከእጄ ወጣ። ድሮም አስቀያሚ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁን ጆሪን ቅቤ ስጠኝ ስለው "በጠዋቱ ቀመስሽ እንዴ ሞርዌና?" አለኝ። ብርዱ ምላሴን አሥሮት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሲለቀኝ "አንተ ብትጋብዘኝ እቀምስ ነበር" አልኩትና ሱቁ በሙሉ ሳቀ።

በላክሽልኝ ፖስታ ካርድ ጀርባ "ባሕሩን ለምን ልታቋርጪ ፈለግሽ?" ብለሽ መጻፍሽ ግን ገረመኝ። አብረን ሦስት ክረምት ስንለማመድ አልጠየቅሽኝም። እሺ፣ ልንገርሽ። በዚህ መንደር ወንዱ ይሄዳል፣ ሴቷ ትጠብቃለች። እናቴ አባቴን ጠበቀች። እኔ ጎራንን ጠበቅሁት፤ ባሌ በባሕር ላይ ሳይሆን በአልጋው ነው የሞተው፣ ግን ዓሣ ሊያጠምድ በወጣ ቁጥር አንዴ እየቀበርኩት ነው የኖርኩት። ልጆች አሳደግሁ፣ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሾርባ ስቀዳ ወገቤ ጎበጠ፣ እናቴን አስታመምሁ፣ ቀበርሁ። ሁሉ ካለፈ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር አየሁትና "አይ፣ አሁንስ አልቀመጥብህም" አልኩት። አንድ ጊዜ፣ ሞርዌና ሄዳለች፣ እንጠብቃት ይበሉ። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ የለኝም።

ብዪ፣ ተኚ። ጀልባዋን ለኔ ተዪልኝ።

ሞርዌና


ላ ጎሜራ፣ ኦክቶበር 12

ሞርዌና፣

አዎ፣ ከወደቡ እስከ ጥቁሩ አለት ድረስ ዋኝቼ ተመለስኩ፤ አዎ፣ የባሕር እሳት የሚሉት ዝልግልግ ፍጡር አንገቴን ለበለበኝ፤ አይ፣ አላለቀስኩም። ይህ በፖስታ ካርድሽ ለጠየቅሽኝ ይብቃ፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ብስክሌታችንን እየገፋን ዳገት ላይ ነበርን። ጥላ ፈልገን ቁጭ አልንና ለፔራን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ስለ እህቱ ፓስቲ ስደርስ ሳቀ። የሱቁ ላይ ስደርስ ሳቁን አቆመ።

"እሱን ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት።

"ምላሷ ታሠረ? ከዚያ ለቀቃት?"

"ብርዱ ነው ትላለች።"

"ኦክቶበር ገና መግባቱ ነው፣ የምን ብርድ? እጇስ የትኛው ነው?"

"ግራው።"

ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አስተኛው። አባቱ እንዴት እንደሞተ ያን ቀን ነው በደንብ የነገረኝ። ሊጥ ሲያቦካ እጁ ይከዳው ነበር አለኝ። ደከመኝ ይላል። ጋጋሪ እጁ ሲደነዝዝ ደከመኝ ነው እንጂ ታመምኩ አይልም። አንድ ቀን ደንበኛ እያነጋገረ ምላሱ ተኮላተፈ፤ ሁሉም ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ ምድጃው ፊት ወደቀና አልተነሣም።

ሞርዌና፣ እስቲ አብረን እናስብ። የሸርጣን እጅ የሚይዘን ሁለት መቅዘፊያ ስለምንይዝ ነው። ሁለቱንም እጅ ነው የሚይዘው። ያንቺ ቀኝ ተፈቶ ግራው ለምን ቀረ? መቅዘፊያ ያስቀመጥነው በአንድ ቀን ነው። የኔ ከተፈታ ሰነበተ። ደግሞ የሸርጣን እጅ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፤ ያንቺው ግን ማንቆርቆሪያውን ለቀቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን እጁ እንዲህ ሲሆን ደንግጦ ሐኪም ጋ ይሮጣል። እኛ ቀዛፊዎቹ ግን ስም አወጣንለትና ሳቅንበት። እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ፤ ሴፕቴምበር ላይ ሹካው ሲወድቅብሽ "እንኳን ወደ ሸርጣኖች ማኅበር በደህና መጣሽ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። አሁን ሳስታውሰው ያመኛል።

ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። እባክሽ። ይህ ሁሉ ጭንቀቴ ከንቱ ሆኖ ዕድሜ ልክሽን ብትስቂብኝ ደስተኛ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ጊዜ ሆነብሽ? ልጅሽ ታውቃለች?

ኬረንሳ


ትሬቬላ፣ ኦክቶበር 17

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ኬረንሳ፣

በተራራ ላይ ተቀምጠው፣ ከዳቦ ጋጋሪ ባለቤትዎ ጋር ተማክረው፣ ባሕር አቋርጠው ስላደረጉልኝ ምርመራ አመሰግናለሁ። ሒሳቡን ይላኩልኝ። ባለቤትዎንም ሊጡን እንዲያይ ይንገሩልኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ተናድጄ እንደነበር እወቂው።

ስልኩን የዘጋሁብሽ ወደ ጆሪ ሱቅ ስለደወልሽልኝና ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ስለነበር ነው። አሁን ብቻዬን ነኝ፣ እመልስልሻለሁ። ከኦገስት ጀምሮ ነው። ሦስቴ ነው፤ ከሱቁ በፊት አንዴ፣ ከዚያ ወዲህ አንዴ። ማንቆርቆሪያ ሳይፈላ ያልፋል። ልጄ አታውቅም። አንቺ እስክትጽፊልኝ ድረስ እኔም አላወቅሁም ልልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። ቀኙ ሲፈታ ግራው ሲቀር ገብቶኛል። ቂል አይደለሁም፣ የኔ ወፍ።

ግን ምን ላድርግ? ሐኪሙ በሩን ስገባ የሚለኝን አውቃለሁ። "አይሆንም" ይለኛል። ከዚያስ? ከዚያ ኢነስ ይሰማል፣ ልጄ ትሰማለች፣ መንደሩ ከንፈሩን ይመጥልኛል፣ "ምስኪን ሞርዌና፣ ምን ያህል ጓጉታ ነበር" ይላል፤ እኔም ወደዚያ ወንበር እመለሳለሁ። እዚያ ተቀምጬ ልሙት ማለት ነው? መውደቄ ካልቀረ መሐል አትላንቲክ ላይ፣ መቅዘፊያ በእጄ ይዤ ልውደቅ። ይህን የመመኘት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ጀልባዋ ላይ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሌላ ማንም አይኖርም። አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያውቃል? እስከ ዲሴምበር ምንም ላይሆን ይችላል። ከዚያም ምንም ላይሆን ይችላል።

በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ ጎራን ሲሞት የመንደሩን መዋጮ እንኳ መልሼያለሁ። አንቺን እለምንሻለሁ። ይህን ለማንም አትንገሪብኝ። ዝም በይልኝ።

ሞርዌና


ላ ጎሜራ፣ ኦክቶበር 22

ሞርዌናዬ፣

ዝም በይልኝ ብለሻል፤ እሺ። ስለ እጅሽም ስለ ምላስሽም ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ፔራንንም አስምዬዋለሁ።

ለኢነስ ግን ደወልኩለት። አልሄድም አልኩት። "የእጄ አንጓ አልዳነልኝም፤ ዳገቱ ላይ ወድቄ ባሰብኝ፤ ጉዞው ይቅር፤ ጀልባዋን የሚጭነውን መርከብ ሰርዝ" አልኩት። የሚያውቀው ስድብ እስኪያልቅበት ሰደበኝ። ሰምቼ ጨረስኩና ስልኩን ዘጋሁት። ፔራን ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ ራስሽ ያወጣሽውን ተራ አስቢው፦ ሁለት ሰዓት አንዷ ትቀዝፋለች፣ ሌላዋ በጀልባዋ ጓዳ ውስጥ ክዳኑን ዘግታ ትተኛለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አብረን ነን እንላለን እንጂ እያንዳንዳችን ሁልጊዜ ብቻችንን ነን። አንቺ መቅዘፊያ በእጅሽ ይዘሽ ስትወድቂ እኔ ተኝቻለሁ። ክዳኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። የማገኝሽ እኔ ነኝ፣ ወይም የማላገኝሽ። ከዚያ በኋላ እስከ አንቲጓ ድረስ ብቻዬን የምቀዝፈው እኔ ነኝ። ተራዬ ደርሶ በተኛሁ ቁጥር ከውጭ የመቅዘፊያሽን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ ቆመ አልቆመም እያልኩ ልተኛ ነው? አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የጠላሽውን መጠበቅ እኮ ነው በእኔ ላይ የምትጭኚው፤ ያውም መሐል ባሕር ላይ። አልችልም። እወድሻለሁ፣ አልችልም።

ስለዚህ አሁን ጉዞ የለም። ሐኪሙ ሊወስድብሽ የሚችል ነገር የለም፤ እኔ ቀድሜው ወስጄብሻለሁ። የምትጠዪው ሰው ከፈለግሽ እኔን ጥዪ፣ እሱን ተዪው። ብቻ ሂጂ። የምትደብቂለት ጀልባ የለሽምና ሂጂ።

ኬረንሳ


ትሩሮ፣ ሆስፒታል፣ ኖቬምበር 4

አንቺ ውሸታም፣

አዎ፣ በሕይወት አለሁ። አዎ፣ የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ቀኝ እጄ መቼ ታመመ? ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ልጄ ሦስተኛውን ደግሞ እቤት አግኝቼዋለሁ ብላለች፤ አታንቢብኝ ብያታለሁ።

እንዴት ሄድሽ ብለሻል። በንዴት ነው የሄድኩት። ጤነኛ ነች የሚል ወረቀት አስጽፌ ፊትሽ ላይ ልወረውረው ነበር። ሐኪሟ አንድ ፍሬ ልጅ ናት። ስለ አየሩ እያወራችኝ ማዳመጫዋን አንገቴ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ስለ አየሩ ማውራቷን ተወች።

"ኮትሽን አታውልቂ" አለችኝ፤ "አምቡላንስ እጠራለሁ።"

"ሾርባ ጥጄ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ጎረቤት ያውርደው።"

ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገቴ ሥር ሊደፈን ምንም አልቀረውም ነበር አሉኝ። ቀደው ጠረጉት። ማንቁርቴ ሥር የተሰፋው ስፌት ሸራ የሚጠግን ሰው የሰፋው ይመስላል። ብዘገይ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ቀዳጁ ሐኪም ነግሮኛል፤ አልጽፍልሽም። ፔራን ያውቀዋል። ፔራንን ሳሚልኝ። ሊጡን ይይ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ስለ ባሕሩም ቀዳጁን ሐኪም ጠየቅሁት። አትላንቲክን? አልኩት። ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው፤ የምሬን መሆኑን አየ መሰለኝ። "በበጋ፣ በረጋ ውኃ፣ ወደቡን ቀስ ብለሽ መዞር ትችያለሽ" አለኝ። አመሰገንኩት። ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ልጄ ቡና ይዛ እስክትመለስ ድረስ አለቀስኩ። አልቅሰሽ ነበር ወይ ስላልሽ ነው የምነግርሽ እንጂ ደግመሽ እንድታነሺብኝ አይደለም።

ኢነስ አበባ ይዞ መጥቶ ነበር። ያ ሰው አበባ ሲይዝ ማየት ለራሱ ያሳምማል። ሁሉንም ነገርኩት። "የልጅቷ አንጓ ደህና ነው፤ ለኔ ብላ ነው የዋሸችው" ስለው ኮቱን እየቆለፈ "አውቃለሁ" አለኝ። ስትዋሺ ድምፅሽ እንደሚቀጥን ያውቃል፤ መርከቡንም አልሰረዘም ነበር። ሁለታችሁም አብዳችሁ እስክትጨርሱ እየጠበቅሁ ነው አለኝ።

አሁን እሱና እኔ የወሰንነውን ስሚ። ቁጭ ብለሽ ስሚ። ሎዌና በዚህ ሳምንት ትጫናለች። በእኔ ቦታ ሴናራ ትመጣለች፤ አዎ፣ የጎረቤት መንደር የትሬጋሷ ሴናራ፣ በበጋው ውድድር ቀድማን የሄደችው። ወሬኛ ናት፣ የትሬጋስ ሰው ደግሞ የት ይታመናል፣ ግን ትከሻዋን አይተሻል። ትናንት ሆስፒታል አስመጥቼ ፈተንኳት። የጀልባዋን እያንዳንዱን ሳጥን በቃሌ አስተማርኳት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሁለት ጊዜ ተቆጣኋት፤ በሦስተኛው ሳትሳሳት ጨረሰችና ድንገት እጄን ይዛ አለቀሰችብኝ። ትሆናለች።

መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ከሌላ ሰው ጋር አልቀዝፍም ብለሻል። አትመጪም። አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አለኝ፤ ጨው እየደበቀችብኝ ነው። አንቺን ያሠለጠንኩሽ አልጋ ጠባቂ እንድትሆኚ አይደለም። ፔራን ብቻውን ይመለስ፤ መንደሩ ፓስቲ ያስፈልገዋል። አንቺ እዚያው ቆዪ፣ ሎዌናን ተቀበያት፣ ቀን ሲደርስ ውጪ።

ይቅር ብለሽኛል ወይ የሚለው ደግሞ በሁለቱም ደብዳቤ አለ። በሦስተኛውም እንዳለ እገምታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ገና አላልኩሽም። ዕድሜዬን ሰጠሽኝ፣ ጉዞዬን ወሰድሽብኝ፤ አንዱን ሳመሰግን በሌላው እናደዳለሁ። ጠዋት ስነቃ እመርቅሻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እረግምሻለሁ። ጊዜ ይፈልጋል፤ አንቺም ባሕሩን ለማቋረጥ ጊዜ ይፈልግብሻል።

እጠብቅሻለሁ። ሥራውን እንደምጠላው ነግሬሻለሁ፤ ግን በዚህ መንደር ከኔ የተሻለ የሚችለው የለም። ስትመለሺ ወደቡ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ይቅርታሽን መጥተሽ ከእጄ ተቀበዪ፤ በፖስታ አልልክልሽም።

ሞርዌና